ዘወትር በመስክ ላይ ስለሚኖር ፈረስ አመጋገብ
በመቐለ ለሓወልቲ ክፍለ ከተማና በዙሪያው ላሉ ወረዳዎች ሹማምንትና ባለ ይዞታዎች የቀረበ ትምህርት

ፈረስ በመስክ ከዋለና ካደረ ሌላ ቀለብ አያሻውም የሚል አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ ጸንቶ ይገኛል። ይህ አሳብ በመቐለና በዙሪያዋ ከዓመቱ ለሦስት ወር ያህል እውነት ነው፤ ለቀረው ዘጠኝ ወር ግን ሐሰት ነው። በዚህ አገር ዝናሙ በሰኔ መጨረሻ ይጀምራል፥ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል፥ በመስከረም ይቈማል። ለምለም ሣር የሚገኘውም ከሐምሌ እኩሌታ እስከ ጥቅምት መግቢያ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ በመስኩ ላይ ቆሞ የሚታየው ቢጫ ነገር በስሙ ሣር ይባል እንጂ በጕልበቱ ከጭድ የሚሻል አይደለም። እንግዲህ ፈረሱን ዓመቱን ሁሉ በመስክ የሚያኖር ሰው ሦስቱን ወር በመስኩ ያኖረዋል፤ ዘጠኙን ወር የሚያኖረው ግን አስቀድሞ ባጨደው ድርቆሽ ነው።

ይህን ለባለ ሥልጣኖች መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሓወልቲ ስሙ ከሰማዕታት ሐውልት ጋራ የተያያዘ የከተማ ክፍል ነውና፥ ከፈረስ ግጦሽ ጋራ ምን ያገናኘናል የሚል ሹም ቢገኝ አያስደንቅም። ነገር ግን የጋሪ ፈረስ የብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ነው። ከጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ በሆነው ጦርነት፥ እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ፥ ነዳጅ በጠፋበት ወራት ሰውንና ዕቃን ያመላለሰው የጋማ ከብት እንደ ሆነ የከተማው ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። እንዲህ ያለው ፈረስ ሲደክም ወይም እግሩ ሲቈስል ባለቤቱ «መስክ ወርዶ ያገግም» ብሎ ይለቀዋል። መስክ የተባለውም ብዙ ጊዜ የመንገድ ዳርና ያልተሠራ የቤት ቦታ ነው፤ ሣሩ አጭር፥ አፈሩ ብዙ፥ በመካከሉም ፌስታል የተቀላቀለበት። ፈረሱ ለማገገም ወጥቶ በረኃብ ይሞታል፤ ሰውም «በሽታ ገደለው» ይላል።

አባቶቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ አባ በዝብዝ፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ ተብለዋል። የፈረሱ ስም ከጌታው ስም ጋራ ሲነሣ ይኖራል፤ ሣሩን ያጨደውን ሰው ግን የሚያነሣው የለም። ሆኖም በቤተ መንግሥት ባልደራስ የተባለ የፈረስ ሹም መሾሙ፥ የፈረስ ቀለብ ራሱን የቻለ ሥራ እንጂ ለመስክ ብቻ የሚተው ነገር እንዳልነበረ ያሳያል።

አስቀድሞ የፈረስ ሆድ ከበሬ ሆድ የተለየ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በሬ ፈጥኖ ይግጣል፥ ከዚያም ተኝቶ ያመሰኳል። ፈረስ አያመሰኳም። ጨጓራው ለአካሉ ታናሽ ነው፤ ሣሩንም የሚያብላላው ወደ ኋላ ባለው በትልቁ አንጀቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ ለመብላት አልተፈጠረም፤ ጥቂት በጥቂት፥ ቀንም ሌሊትም፥ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ዐሥራ አራትና ዐሥራ ስድስት ሰዓት ያህል ሲግጥ ይኖራል። ከዚህ የተነሣ ማታ ወደ ግቢ ገብቶ ያለ ድርቆሽ ታስሮ የሚያድር ፈረስ፥ ቀኑን ሙሉ በመስክ ቢውልም እንኳ ከሚገባው የመብል ጊዜ እኩሌታውን ያህል አጥቶ ያድራል ማለት ነው። በዚያ ላይ ጨጓራው ለብዙ ሰዓት ባዶ ሲሆን ይቈስላል። ጠዋት በርቦት ሲለቀቅ ደግሞ እየጐረሰ አፈርና አሸዋ ይውጣል፤ ይህም የሆድ ቍርጠት ያመጣበታል።

ስለ ልኩ እንናገር። ሥራ የሌለው ፈረስ በቀን ውስጥ ከክብደቱ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል። የፈረሱን ክብደት ለማወቅ ሚዛን ባይኖር በሜትር ገመድ መለካት ይቻላል። ከፊት እግሮቹ በስተኋላ ደረቱን በትከሻው ጕብታ ላይ አዙሮ መለካት፤ ቀጥሎም ከትከሻው ጫፍ እስከ ዳሌው ጫፍ ያለውን ርዝመት መለካት፤ የደረቱን ልክ በራሱ አባዝቶ እንደ ገና በርዝመቱ ማባዛት፤ የተገኘውንም ለ11,880 ማካፈል ነው። ደረቱ 145፥ ርዝመቱ 135 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፈረስ 239 ኪሎ ያህል ይሆናል ማለት ነው። ይህ ስሌት በውጭ አገር ፈረሶች የተገኘ ነውና በእኛ ታናናሽ ፈረሶች ላይ ጥቂት ሊያሳስት ይችላል፤ ቢሆንም በዐይን ከመገመት ይሻላል። እንዲህ ያለው ፈረስ በቀን 5 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ለምለም ሣር ከአምስት እጅ አራቱ ውኃ ስለ ሆነ፥ ይኸው ፈረስ በነሐሴ 25 ኪሎ ያህል እርጥብ ሣር መጋጥ አለበት። ድርቆሽ ሲሆን ግን የሚወድቀውና የሚረገጠው ታስቦ 6 ኪሎ ይበቃዋል።

የክረምቱ ሣር በጎ ነገር ቢሆንም አደጋ የሌለበት አይደለም። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ተርቦ የከረመ ፈረስ በሐምሌ በድንገት በሰርዶና በማገጥ በተሞላ ጨፌ ቢለቀቅ፥ ሆዱ ያን ስኳርና ያን ርጥበት ለመቀበል ገና አልተዘጋጀም። አንዳንዱ ይነፋል፥ አንዳንዱን ቍርጠት ይይዘዋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የሰኮና ውስጥ ቍጣ ነው፤ ፈረሱ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ በኋላዎቹ ላይ ይደገፋል፥ ሰኮናው ይግላል፥ መራመድም ይከለክለዋል። አንድ ጊዜ እንዲህ የሆነ ፈረስ ብዙ ጊዜ ለጋሪ አይመለስም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ለአንድ ለሁለት ሰዓት ብቻ ለቆ፥ ከመለቀቁም በፊት ጭድ አብልቶ፥ ከዚያ ሰዓቱን ቀስ በቀስ እየጨመሩ በሁለት ሳምንት ወይም በሦስት ሳምንት ማለማመድ ይገባል።

በዚሁ ወራት የአንጀት ትል ይበዛል። ፈረስ በዐይነ ምድሩ አጠገብ የበቀለውን ሣር በተፈጥሮው ይሸሻል፤ መስኩ ሲጠብብ ግን ያንኑ ለመብላት ይገደዳል። ትሉን ለማሳነስ ፋንድያውን በሳምንት ሁለት ጊዜ መልቀም፥ ወይም ላሞችና ፈረሶች በየተራ እንዲግጡ ማድረግ ይረዳል፤ የፈረስ ትል በላም ሆድ ውስጥ አብዛኛው አይኖርምና። በመስከረምና በጥቅምትም በውኃማ ቦታ በምሽት የሚነድፉ ጥቃቅን ትንኞች የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለውን ያስተላልፋሉ። ክትባቱ በቢሾፍቱ በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ይመረታል፤ የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ከዝናሙ በፊት እንዲጠይቀው ማሳሰብ የሹሙ ፈንታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል፤ ይኸውም የማጨጃው ቀን ነው።

በትግራይ ለግጦሽ የተከለለ መሬት ሕዛእቲ ይባላል። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህም በብዙ ስፍራ ተራራውና ተዳፋቱ ከከብት ተከልሎ፥ ሣሩ እየታጨደ ይወሰድ እንጂ ከብት እንዳይገባበት ተደርጓል። መቼ እንደሚከፈት የሚወስነው በየጣቢያው ያለው የሕዝብ ሲሪት ነው፤ ሲሪቱንም የሚያጸናው ሹሙ ነው። ብዙ ቦታ የሚከፈተው እህሉ ሁሉ ከታጨደና ከተወቃ በኋላ፥ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ነው። ምክንያቱ አይጠፋንም፤ ያን ጊዜ ሰው ዕረፍት ያገኛል፥ ሣሩም ረዥም ስለ ሆነ ሸክሙ የበዛ ይመስላል፥ ዘሩም ረግፎ ለከርሞ ይበቅላል ይባላል። ነገር ግን በዚያ ወራት የሚታጨደው ሣር ለጣራ ክዳን እንጂ ለመብል የተረፈው ጥቂት ነው። ሥራ የሌለው ፈረስ እንኳ ሥጋው እንዳይጐድል በመኖው ውስጥ ከመቶ ስምንት እጅ ያህል ፕሮቲን ያስፈልገዋል። አበባ ሲይዝ የታጨደ የመስክ ሣር ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ሊኖረው ይችላል፤ ዘሩ ረግፎ አገዳው ከደረቀ በኋላ ግን ከመቶ አምስት በታች ሊወርድ ይችላል። ፈረሱ ሆዱ ሞልቶ ይከሳል ማለት ይህ ነው። ሆዱ ተንጠልጥሎ የጐድኑ አጥንት የሚቈጠር ፈረስ ያየ ሰው፥ ብዙ ጊዜ ያየው በኅዳር የታጨደ ድርቆሽ የሠራውን ሥራ ነው።

ስለዚህ የምናሳስበው፥ ዝናሙ በጊዜው ባቆመበት ዓመት፥ ሕዛእቲው ከመስቀል ማግሥት ጀምሮ እስከ ጥቅምት 10 ቀን ድረስ ባለው ጊዜ ለማጭድ እንዲከፈት ነው። ይህ ጊዜ የጤፉ አጨዳ ገና ሳይደርስ የሚገኝ ክፍተት ነው። ዘር እንዳይጠፋ የሚሉት ሽማግሌዎች አሳባቸው ትክክል ነው፤ ለዚህም መድኀኒቱ መስኩን ሁሉ ማዘግየት ሳይሆን፥ ከአምስት እጅ አንዱን ሳያጭዱ ትቶ ዘሩን እንዲያራግፍ ማድረግና ያን ክፍል በየዓመቱ ማፈራረቅ ነው። ዝናሙ ዘግይቶ እስከ መስከረም መጨረሻ ከቈየ ግን መታገሥ ይሻላል፤ የተዝናመበት ድርቆሽ ይሻግታል፥ የሻገተም ድርቆሽ ለፈረስ ሳንባ ጠላት ነው። በሬ የማይንቀው ጥቂት ሻጋታ ፈረስን ያሳስለዋል፥ ትንፋሹንም ያሳጥራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጤዛው ከረገፈ በኋላ ማጨድ፥ በስሱ አንጥፎ በቀን ሁለት ጊዜ መገልበጥ፥ ፀሐይ ካልተጓደለ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይደርቃል። አንድ እፍኝ ወስዶ እንደ ገመድ ቢጠመዝዙት ርጥበት ካላወጣና አገዳው መሰበር ከጀመረ ለክምር ደርሷል። አረንጓዴነቱ መቅረት አለበት፤ በፀሐይ እስኪነጣ የተተወ ድርቆሽ ቅጠሉ ይረግፋል። ክምሩ ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መደብ ላይ ይደረግ፥ ራሱም ሾጥጦ በሰንበሌጥ ይከደን። በመጀመሪያው ሳምንት ክንድን ወደ ውስጥ አስገብቶ መፈተን ያስፈልጋል፤ የሚግል ከሆነ ገና እርጥብ ነውና ተፈትቶ እንደ ገና ይሰጣ። ከማጨድም በፊት ቅንጬ አረምና አስተናግር እየተነቀሉ ይጣሉ። በመስክ ላይ ፈረስ ሊተዋቸው ይችላል፤ ከድርቆሽ ጋራ ከደረቁ በኋላ ግን መለየት አይችልም።

ከሕዛእቲው ስንት ፈረስ እንደሚኖር ለማወቅ ሹሙ እንዲህ ያድርግ። መካከለኛ ሣር ባለበት ቦታ ዐሥር ሜትር በዐሥር ሜትር ለክቶ ያሳጭድ፥ አድርቆም ያስመዝን። በኪሎ የተገኘው ቍጥር እርሱ ራሱ በኩንታል የአንዱ ሄክታር ምርት ነው። 18 ኪሎ ከተገኘ አንዱ ሄክታር፥ ማለት አራት ጽምዲ፥ 18 ኩንታል ይሰጣል። ለአንድ ፈረስ በቀን 6 ኪሎ፥ ከጥቅምት እኩሌታ እስከ ሐምሌ እኩሌታ ለ270 ቀን ሲታሰብ 1,620 ኪሎ ይሆናል። እኩሌታው ከጭድና ከታጨደ እርሻ ቃርሚያ ቢገኝ፥ የቀረው 8 ኩንታል ያህል ነው። እንግዲህ ያ አንድ ሄክታር የሚያኖረው ሁለት ፈረስ ነው። ስሌቱ የሚያሳዝን ቢሆንም በጥቅምት ማዘን በሚያዝያ ከማዘን ይሻላል።

የቀረውን እኩሌታ የሚሞላው ጭድ ሁሉ አንድ አይደለም። የጤፍ ጭድ ከሁሉ ይለሰልሳል፥ ፈረስም ይወደዋል። የጤፍ ሣር በአሜሪካ አገር ለፈረስ ድርቆሽ ተብሎ ይዘራል፤ ስኳሩ አነስተኛ ስለ ሆነ ሰኮናቸው ለታመመ ፈረሶች ይመረጣልና። እኛ ለእህሉ ብለን የምናመርተውን እነርሱ ለፈረስ ብለው ይገዙታል። የገብስና የስንዴ፥ እንዲሁም የሁለቱ ድብልቅ የሆነው የሐንፈጽ ጭድ ይበጃል፤ ነገር ግን ሹል ጢሙ አፍን ይወጋልና መራገፍ አለበት። ጓያ፥ በትግርኛ ሰበረ የሚባለው፥ ለሰው እግር አደገኛ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ለፈረስም አደገኛ መሆኑን ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ፍሬውን ለብዙ ቀን የተመገበ ፈረስ የኋላ እግሩ ይሰንፋል፥ ጕሮሮውም ሽባ ሆኖ ሲሮጥ እያፏጨ ይታፈናል። ስለዚህ በምንም መንገድ አይሰጠው።

ፉርሽካን በሚመለከት የከተማው ባለ ጋሪ ብዙ ይሳሳታል። ፉርሽካ ርካሽና ተወዳጅ ነው፤ ነገር ግን ፎስፎረሱ ከካልሲየሙ ዐሥር እጅ ያህል ይበልጣል። ፈረስ ለወራት በፉርሽካ ብቻ ከተደገፈ ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቱ እየሳበ ያወጣል፥ የፊቱ አጥንት ያብጣል፥ መንጋጋው ይሳሳል፥ ያነክሳል። በውጭ አገር ይህን በወፍጮ ቤት ፈረሶች አይተው አስቀድመው ዐውቀውታል። በቀን ከአንድ ኪሎ እንዳያልፍ፥ ከተገኘም ጥቂት አልፋልፋ እንዲጨመርበት እንመክራለን። ገብስም ለሚሠራ ፈረስ እንጂ በመስክ ለሚያርፍ አያስፈልግም።

ጨው ለመቐለ ሰው ማስተማር ያሳፍራል፤ ከአሳሌ የሚመጣው አሞሌ የሚሸጥባት ከተማ ናትና። ሆኖም በከተማይቱ ጨው የማይልሱ ፈረሶች ሞልተዋል። በቀን 25 ግራም፥ ላብ ለሚያልበው ደግሞ ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። አንድ የአሞሌ ስባሪ በጥላ ሥር ማስቀመጥ ይበቃል፤ ፈረሱ ልኩን ራሱ ያውቃል። ውኃውን በክረምት ከሣሩ ስለሚያገኝ ጥቂት ይጠጣል። በበጋ በደረቅ መኖ የሚኖር ግን በቀን ከ12 እስከ 15 ሊትር፥ ሙቀትና ሥራ ሲኖርበት ከ25 እስከ 30 ሊትር ይፈልጋል። ደረቅ ጭድ በልቶ ውኃ ያጣ ፈረስ መኖው በአንጀቱ ውስጥ ይደርቅበታል፤ ውኃ በሌለበት ቀን ጭዱን መቀነስ እንጂ መጨመር አይገባም።

ዘወትር በመስክ የሚኖር ያልነው በዚህ አገር ሌሊቱን አይጨምርም፤ ጅብ አለና። በ2004 ዓ.ም. የታተመ በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት፥ በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቶች ሲዘጉና የሚጣል ሥጋ ሲጠፋ ጅቦች ከወትሮው ይልቅ አህዮችን እንደሚበሉ አሳይቷል። ዐቢይ ጾም ደግሞ የሚውለው መኖ ባለቀበት፥ የጋማ ከብትም በደከመበት ወራት ነው። ስለዚህ ከማታ እስከ ጠዋት በድንጋይ ወይም በእሾኽ አጥር ውስጥ፥ ድርቆሽ ፊቱ ተደርጎለት ይደር። ፈረሱ የሌሊት መብሉን ያጣል ያልነው ችግርም በዚሁ ይቃለላል።

ስለ ባዝራ አንድ ነገር እንጨምር። ባዝራ ዐሥራ አንድ ወር ያህል ታረግዛለች። በነሐሴ የተጠቃች በሐምሌ ትወልዳለች፤ ለወተቷ መልካም ጊዜ ነው። ነገር ግን ውርንጭላው በሆዷ ውስጥ አብዝቶ የሚያድግባቸው የመጨረሻዎቹ ሦስት ወሮች ሚያዝያ፥ ግንቦትና ሰኔ ናቸው። ከክምሩ የተሻለው ክፍል ለእርሷ ይቀመጥ፤ አልፋልፋና ጥቂት እህልም ይሰጣት።

በረኃብ ፈጽሞ ለከሳ ፈረስ ደግሞ ርኅራኄ ራሱ ሊገድለው ይችላል። ወር ሙሉ ያልበላን ፈረስ በአንድ ቀን በገብስ ማጥገብ ደሙን ያናውጣል፥ ልቡንም ያቆማል። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች እህል ፈጽሞ አይሰጠው፤ ጥሩ ድርቆሽ ወይም አልፋልፋ፥ በቀን ስድስት ጊዜ ያህል፥ ጥቂት በጥቂት ይሰጠው። በዐሥር ቀን ውስጥ ወደ ሙሉ ልኩ ይድረስ። ጥርሱም ይታይ፤ ያኘከውን እየጠቀለለ የሚተፋ ሽማግሌ ፈረስ ከሆነ መኖው አጥሮ ተቈርጦ በውኃ ይርጠብ።

ፈረሱ መክሳቱን ዐይን ዘግይቶ ያያል፤ ጠጕሩ ይሸፍነዋልና። በየወሩ በመዳፍ ጐድኑን መዳበስ ይገባል። አጥንቱ በእጅ ተዳብሶ በዐይን ካልታየ ደኅና ነው፤ በዐይን ከታየ መኖው ጐድሏል። ይህን በታኅሣሥ አጋማሽ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ማድረግ፥ በዚያው ቀንም ክምሩን መለካትና እስከ ሐምሌ ለስንት ቀን እንደሚበቃ ማስላት ያስፈልጋል። የማይበቃ ሆኖ ከተገኘ ጭድ በታኅሣሥ ገና ርካሽ ነው፥ ፈረስም በታኅሣሥ ገና ገዢ አለው። በሚያዝያ ግን ጭዱ ይወደዳል፥ ፈረሱም ይረክሳል።